የወሊሶው ልጅ ጥላሁን

ጎንደር ገጠር ላደግን ዘፋኝ ማለት መሲንቆውን አንግቶ ሠርግ ቤት የሚመጣ አዝማሪ ነበር። ጥላሁን ገሠሠን በደንብ የሰማሁት በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ለመምጣት አዲስ አበባ ስንጠባበቅ፣ ከየሙዚቃ ቤቱ በራፍ ነው። ያ ሁሉ ጥሩምባና ሳክስፎን እየጮኸ አንዲት ቃል እንኳ አትጠፋበትም! ግንቦት ላይ በዘመቻ ሰሎሞን ባዶ እጃችንን ተሳፈርን፤ ካሴቶቹን የገዛሁት እዚህ አሽዶድ ከሐበሻ ሱቅ ነው።

እዚሁ ሃኪርያ ሰፈር ውስጥ ስለ እሱ ጨዋታ ሲነሣ ሁሉም ከክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ይጀምራል። እኔ ወሊሶን አስቀድማለሁ።

በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልዶ ወሊሶ አያቱ ዘንድ አደገ፤ ራስ ጎበና ትምህርት ቤትም ገባ። አያቱ ትምህርቱን እንዲገፋ ነበር የሚፈልጉት። ርዕሰ መምህሩ ሱዳናዊው ሚስተር ሸዳድ ግን ልጁ ለዘፈን መፈጠሩን አይተው አዲስ አበባ እንዲሄድ አደፋፈሩት። ኋላም ንጋቷ ከልካይና ኢዮኤል ዮሐንስ ያሉበት የሀገር ፍቅር ቡድን ወሊሶ መጣ። ልጁ ኢዮኤልን አነጋገረ፤ ከዚያ በኋላ ማን ይያዘው? ቱሉ ቦሎ ድረስ በእግሩ ገሠገሠ። እዚያ ዘመዱ ከሆኑ ወይዘሮ ቤት አደረ፤ ወደ አያቱም እንዲመለስ ተደረገ፤ እሱ ግን ጭነት መኪና ላይ ወጥቶ እንደገና ሄደ።

ብራዚላዊው ዘፋኝ ሮቤርቶ ካርሎስም በእኛ አቆጣጠር የ1933 ልጅ ነው። እሱ ገና በዘጠኝ ዓመቱ ተወልዶ ባደገባት ትንሽ ከተማ ሬዲዮ ዘፍኗል። ወሊሶ ግን ሬዲዮ ጣቢያ አልነበራትም፤ በሬዲዮ መዝፈን የፈለገ ልጅ ቀዬውን ለቆ መሄድ ነበረበት።

ጥላሁን አዲስ አበባ ደርሶ ሀገር ፍቅር ገባ፤ ከዚያም ወደ ክቡር ዘበኛ ተሻገረ። የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ፣ መሪው የክቡር ዘበኛ አዛዥ ነበሩና ጥላሁንም ታሰረ። ተፈትቶ በአማርኛም በኦሮምኛም ዘፈነ። ከኦርኬስትራ ፊት ቆሞ ቃልን አጥርቶ ማዜምን ያህል ትልቅ ትምህርት ለኋለኞቹ የተወ ሌላ ዘፋኝ አላውቅም። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት አረፈ።

ሃኪርያ ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ የጥላሁንን ካሴት አትጣሉ። ለልጆቻችሁ ስታሰሙም የሚስተር ሸዳድን ስም አብራችሁ ንገሯቸው።