ሁለት ነጥብ ስድስት

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሰሞን ከሜሪላንድ ደወለልኝ። እንደ ወትሮው የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ አልጠየቀም። «ጋሼ፣ ሁለት ነጥብ ስድስት ይዤ ጥሩ ሎው ስኩል ባመለክት ይስቁብኛል?» አለኝ።

ልጁ ሰነፍ አይደለም። ከዚህ የሄደው በ17 ዓመቱ ነው። ቀን ኮሌጅ ይማራል፣ ማታ ዋሽንግተን መሀል ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት ይቆርጣል። እናቱ እዚህ የምትኖርበት ቤት ኪራይ የሚከፈለው ከዚያች የትኬት መስኮት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውጤቱ የተበላሸውም እዚያው፣ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ሲያንቀላፋ ነው። ከተመረቀ በኋላ ለስደተኞች ጠበቆች አስተርጓሚ ሆነ። ስድስት ዓመት ሙሉ የሌላውን ክርክር ሲያስተረጉም ቆይቶ፣ አሁን «እኔስ ራሴ ብከራከር?» የሚል ሐሳብ መጣበት።

«ማን ይስቅብሃል!» ልለው ነበር። ግን ሳያውቁ ማጽናናት ዕዳ ነው። ነገሩን ከሥሩ ላጣራው ብዬ ተቀመጥኩ።

አብርሃም ሊንከን እ.ኤ.አ. በ1836 የጥብቅና ፈቃድ ሲያገኝ፣ በሕይወቱ ትምህርት ቤት የዋለበት ቀን ሁሉ ቢደማመር አንድ ዓመት አይሞላም ነበር። መጽሐፍ እየተዋሰ አነበበ፣ ጠበቃ ሆነ። ሃርቫርድ እንኳ ክሪስቶፈር ላንግዴል እ.ኤ.አ. በ1870 ዲን ሆኖ እስኪመጣ ድረስ የሕግ ዲግሪ የሚሰጠው ያለ ፈተና ነበር። ላንግዴል ፈተናን አመጣ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ወጉ «ገብተህ ሞክር» የሚል ሆነ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት የኮሌጅ ዲግሪ ያለው ሰው ሃርቫርድ ለመግባት ብዙም አይቸገርም፤ ጭንቁ ከገባ በኋላ ነው። ከአንደኛ ዓመት ተማሪዎች እስከ ሲሶው የሚወድቅበት ጊዜ ነበር።

ይህን ሳነብ የእኛ ዘመን ትዝ አለኝ። እኛም የገባነው በአንድ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲያልቅ ግን ስንቱን ሻንጣውን አሸክመን ሸኘነው! ጨካኝ አሠራር ነው። ቢሆንም አንድ ደግ ነገር ነበረው። ሰው የሚመዘነው እዚያው፣ በሚማረው ትምህርት ነው።

ታዲያ ያ ሰፊ በር ለሁሉም ሰፊ አልነበረም። ሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ሴቶችን መቀበል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲም ጥቁሩን ሔማን ስዌትን በሕግ ትምህርት ቤቱ እንዲቀበል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያስገደደው በዚያው ዓመት ነው።

ወንፊቱ ወደ በሩ የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው ሕግ ለተመላሽ ወታደሮች የትምህርት ወጪ ሸፈነላቸው፤ አመልካቹ ጎረፈ። እ.ኤ.አ. በ1945 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የቅበላ ኃላፊ አንድ መግቢያ ፈተና ይዘጋጅ ብሎ ጻፈ፤ ፈተናው እ.ኤ.አ. በ1948 መሰጠት ጀመረ። ዛሬ ኤልሳት የሚባለው ይኸው ነው። ዓላማው ጥሩ ጠበቃ ማን እንደሚሆን መለየት ሳይሆን፣ በአንደኛ ዓመት ማን ጥሩ ውጤት እንደሚያመጣ መተንበይ ነበር። ውሎ አድሮ ትምህርት ቤቶቹ የፈተናውን ውጤትና የኮሌጁን ግሬድ ደምረው አንዲት ቁጥር ያወጡ ጀመር። ሰው ቁጥር ሆነ።

እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ደግሞ አንድ መጽሔት የሕግ ትምህርት ቤቶችን በደረጃ መደርደር ጀመረ። ነገሩ የከረረው ያኔ ነው። የተማሪዎቹ የመሀል ውጤት ዝቅ ካለ ደረጃው ዝቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2022 ዬልና ሃርቫርድ «ከዚህ ጨዋታ ወጥተናል» ብለው አስታወቁ፤ መጽሔቱም ለግሬድና ለመግቢያ ፈተና ይሰጥ የነበረውን ክብደት ቀነሰ። የመሀል ውጤት ማሳደድ ግን አልቀረም።

ለእህቴ ልጅ የሚጠቅመው ነገር የተገኘው እዚህ ላይ ነው። የመሀል ውጤት ማለት ግማሹ ተማሪ ከላይ፣ ግማሹ ከታች የሚሆንበት ነጥብ ነው። ነጥቡ 3.9 ከሆነ 3.8 ያለውም 2.6 ያለውም ያው «ከታች» ነው፤ ምን ያህል እንደራቀ ሒሳቡ አይጠይቅም። ልጁ በኤልሳት ከመሀሉ በላይ ካመጣ፣ በአንድ በኩል የጎዳቸውን በሌላው ይክሳቸዋል። ፈተናውን ቢደግም የሚያስመዘግቡለት ከፍተኛውን ነው። ግሬዱ ግን የመጀመሪያ ዲግሪ የተያዘ ዕለት ታሽጓል። ማስተርስ ተምሮ አራት ነጥብ ቢያመጣ እንኳ ያቺ ቁጥር ንቅንቅ አትልም። የሚገርመው፣ የተማረው እዚህ አገር ቢሆን ኖሮ ማመልከቻውን የሚያቀነባብረው ድርጅት ከነጭራሹ ነጥብ አያሰላለትም ነበር፤ ውጤቱ አማካይ ነው ወይስ ከዚያ በላይ ወይም በታች ብሎ በደፈናው ይገምታል እንጂ።

ይህን ሁሉ ነገርኩት። «ሳቅ የለም፤ ግን ምሕረትም የለም። የቀረህ ፈተናውና አንዲት የማብራሪያ ደብዳቤ ናት» አልኩት።

ደብዳቤውን ጽፎ ላከልኝ። ሦስት ገጽ ነው። የእናቱ ሕመም፣ ብርዱ፣ የአለቃው ቁጣ፣ ሁሉም አለበት። እያዘንኩ ቆረጥኩት። ሰባት መስመር ቀረ፦ በሳምንት ስንት ሰዓት ይሠራ እንደነበር፣ ሥራውን ሲቀንስ ግሬዱ በስንት እንደጨመረ፣ ከዚያ ወዲህ ምን ሲሠራ እንደኖረ። «ጋሼ፣ እማማን አወጣሃት እኮ» አለኝ። «አውቀው ነው» አልኩት። «ዳኛ ፊት የሚቀርበው ማስረጃ ነው።»

አሁን ማታ ማታ ለፈተናው እያጠና ነው። እህቴ በየሳምንቱ ትጠይቀኛለች፤ «ልጄ ገባ ወይ?» ትላለች። ገና ነው እላታለሁ። ሁለት ነጥብ ስድስቱ ውስጥ የእሷ የቤት ኪራይ እንዳለበት ግን አልነገርኳትም።