«ሳይ-ፋይ» ስንል ልቡን የት ጣልነው?

መንኮራኩር ካለበት ሳይ-ፋይ፣ ሮቦት ካለበት ሳይ-ፋይ እንላለን። ለመሆኑ ይህች አጭር ቃል ከየት መጣች?

እ.ኤ.አ. በ1926 ሁጎ ገርንስባክ የተባለ አሳታሚ አሜሪካ ውስጥ «አሜዚንግ ስቶሪስ» የተሰኘ መጽሔት ሲጀምር፣ ሳይንስንና ፊክሽንን አጣብቆ «ሳይንቲፊክሽን» አለ። ስሙ ለምላስ አልተመቸምና «ሳይንስ ፊክሽን» ተተካ። በ1954 ደግሞ ፎረስት አከርማን የተባለ የዘርፉ አፍቃሪ፣ ጥራት ያለው የድምፅ ማጫወቻ ይጠራበት በነበረው «ሃይ-ፋይ» ልክ «ሳይ-ፋይ» ብሎ አሳጠረው። ቃሉ ሲለመድ ብዙ ደራስያን ግን ጠሉት። ለእነሱ የርካሽ ፊልም ስም ነበር፤ «ኤስ ኤፍ» መባልን መረጡ።

እኛ ጋ ሙሉ ስሙ «ሳይንሳዊ ልብ ወለድ» ነው። «ሳይንስ» ከውጭ የመጣ ነው፤ «ልብ ወለድ»ን ያስለመደን ግን የጣና ዳር ሰው ነው። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1868 የተወለዱት ከባሕር ዳር በጀልባ በምንሻገርባት ዘጌ፣ በቡና ጫካና በገዳማቱ መሀል ነው። ጣሊያን ሄደው ሥዕል ተማሩ፤ ኔፕልስ ላይ አማርኛ አስተማሩ። በ1908 ሮም ላይ ያሳተሙት የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ርዕሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ ዛሬ «ጦቢያ» የምንለው። በኋላ ከፋሺስት ወራሪ ጋር መወገናቸው ስማቸውን አጥቁሮታል። የመጽሐፋቸው ርዕስ ግን የዘርፉ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ልብ የወለደው! ቃሉ ታሪኩ ከየት እንደሚመጣ ይናገራል። «ሳይ-ፋይ» ስንል የሚወድቀው ይኸው ልብ ነው።

ጨዋታ አይደለም። በ2015 የወጣውን «ክራምብስ» አስታውሱ። ዳይሬክተሩ ሚጌል ያንሶ ስፔናዊ ነው፤ ቋንቋው አማርኛ፣ ዳሎል ከቀረጻ ቦታዎቹ አንዱ። ሰማይ ላይ የተንጠለጠለ መንኮራኩር አለው። ፊልሙን የሚሸከሙት ግን ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ የሚጫወቷቸው ጥንዶች ፍቅርና ስጋት ናቸው።

እና ሳይ-ፋይ አንበል ነው? በጨዋታ መሀል እንበል፤ ያሳጥራል። ለመጻፍ ስንቀመጥ ግን ረጅሙን ስም እናስታውስ። በ2011 ጣና ላይ የታየው እምቦጭ የዛሬ መቶ ዓመት ሐይቁን ምን ያደርገዋል? ታንኳ ቀዛፊውስ የት ይገባል? የመጀመሪያውን ጥያቄ ሳይንስ ይጀምርልናል። ሁለተኛውን ልብ ካልወለደው ማንም አይጽፍልንም።