ከደንገጎ እስከ ደወሌ፦ የድሬዳዋ ተደራራቢ አደጋዎችና የአስተዳደር ወሰን

ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋን ሲያጥለቀልቅ ከ250 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ያ ጎርፍ የመጣው ከደቡብ፣ ከደንገጎና ከአካባቢው የሐረርጌ ደጋ ነው። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚከርመው ደቻቱ፣ ደጋው ላይ የጣለውን ዝናብ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አውርዶ በከዚራና በመጋላ ሰፈሮች መካከል ያሳልፈዋል። የከተማዋን የጎርፍ ስጋት የሚያጠና ሰው እንግዲህ አስቀድሞ ማየት ያለበት ሌላ ክልል የሚያስተዳድረውን ተዳፋት ነው። ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ነው፤ ተፋሰሱ ግን በአብዛኛው በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ይገኛል።

ከአደጋው በኋላ የወንዙ ዳርና ዳር በግንብ ተጠናክሯል። ሥራው ተገቢ ነበር። ይሁንና ግንብ የሚይዘው በተነደፈለት መጠን የሚመጣውን ውኃ ብቻ ነው፤ ደጋው እየተራቆተ በሄደ ቁጥር የጎርፉ መጠንና ፍጥነት ይጨምራል። ከዚህም በላይ ግንቡ ለከተማዋ ሌላ ችግር፣ ለውኃ እጥረት፣ ምንም አይፈይድም። ድሬዳዋ የመጠጥ ውኃዋን የምታገኘው ከከርሰ ምድር ነው። ደጋው ላይ ሳይሰርግ በጎርፍ መልክ የሚወርደው ውኃ በከፊል ጉድጓዶቿን ሊሞላ ይችል የነበረ ውኃ ነው። ጎርፉና ጥሙ መነሻቸው አንድ ቢሆንም በእቅድ ሰነዶቻችን ላይ ግን ለየብቻ ተቀምጠዋል።

ሦስተኛው አደጋ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቤተሰብ ሁሉ በበርሜል፣ በሮቶና በጀሪካን ውኃ ያጠራቅማል። በደንብ ያልተከደነ በርሜል ለትንኝ ምቹ መራቢያ ነው። የደንጊ ትኩሳት እ.ኤ.አ. በ2013፣ ቺኩንጉንያ ደግሞ በ2019 ድሬዳዋ ውስጥ የተስፋፉት እንዲህ ባለ የተጠራቀመ ውኃ ላይ በሚራባ ትንኝ አማካይነት ነው። በቺኩንጉንያ ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታመዋል።

የወባው ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለው ወባ አስተላላፊ ትንኝ ነባር መኖሪያው ደቡብ እስያና የዓረቢያ ልሳነ ምድር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ውስጥ ታየ፤ በ2016 ደግሞ በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል፣ ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘ። በ2012 ሠላሳ የማይሞላ የወባ ሕመምተኛ የመዘገበችው ጅቡቲ በ2020 ከ73,000 በላይ መዝግባለች። ድሬዳዋም እ.ኤ.አ. በ2022 የመጀመሪያ ወራት ከ2019ኙ ተመሳሳይ ጊዜ ከአሥር እጥፍ በላይ የሚበልጥ የወባ ሕሙማን ቁጥር ነበራት፤ የመስክ ጥናትም ወረርሽኙን ከዚሁ ትንኝ ጋር አያይዞታል። አገራችን የምታውቀው ወባ ከክረምት መውጫ ጋር ተያይዞ የሚመጣ የገጠር በሽታ ነበር። የኬሚካል ርጭቱም፣ የአጎበር እደላውም የተቀመረው ለዚያ ወባ ነው። ይህ ትንኝ ግን ከተማ ውስጥ፣ በደረቁ ወራት፣ ሰው ለመጠጥ ባስቀመጠው ውኃ ላይ ይራባል፤ ሰው ሳይተኛና ከቤት ውጭ ሳለም ስለሚነክስ አጎበር ብቻውን አይበቃም።

በ2005 ዓ.ም. የጸደቀው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ የአገሪቱን ትኩረት አደጋ ከደረሰ በኋላ ከሚሰጥ እርዳታ ወደ ቅድመ መከላከል ማሸጋገሩ ትልቅ እርምጃ ነበር። ለእያንዳንዱ የአደጋ ዓይነት መሪ መሥሪያ ቤት መመደቡም ተጠያቂነትን ለማጥራት ረድቷል። በእኔ ግምት ድክመቱም ያለው እዚያው ላይ ነው። በርሜሉን ለውኃው ዘርፍ ብንሰጠው የአቅርቦት ጉዳይ ነው፤ ለጤናው ብንሰጠው የትንኝ መራቢያ ነው፤ ለአደጋ ስጋት መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ጎርፍ እስኪመጣ ድረስ ጉዳዩ አይደለም። የአንዱ መፍትሔ ለሌላው ስጋት ሊሆን እንደሚችልም የሚመዝን የለም። ለድርቅ መከላከያ የተቆፈረ ኩሬ፣ ለግንባታ ውኃ የተጠራቀመበት ጉድጓድ፣ ቁጥጥር ከሌለው የወባ ትንኝ ያራባል።

መውጫው ያለው ብዙ አደጋዎችን በአንድ ጊዜ በሚነካ ሥራ ላይ ነው። በደንገጎ ተዳፋት ላይ የሚሠራ እርከንና ክትር ጎርፉን ያዘገያል፤ የዘገየው ውኃ ይሰርጋል፤ ጉድጓዱ ሲሞላ ቧንቧው የሚመጣበት ቀን ይበዛል፤ በርሜሉም ይቀንሳል። ይህ እንዲሆን ከተማዋ ከወሰኗ ውጭ ላለ ገበሬ የልፋቱን ዋጋ የምትከፍልበት ሕጋዊ መንገድ ያስፈልጋል። ደጋው ላይ የዝናብ መለኪያ የሚያነብ ሰው የለካውን በሌሊትም ቢሆን ወደ ድሬዳዋ የሚያደርስበት ቀጥተኛ የስልክ መስመርም እንዲሁ። ይኼኛው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ወደ ሰሜን ሲኬድ ድንበሩ ዓለም አቀፍ ይሆናል። በጅቡቲ ድንበር ላይ ባለችው በደወሌ በኩል ባቡርና የጭነት መኪና ያለማቋረጥ ይመላለሳሉ፤ መስመሩን ስለ ትንኝ ብሎ መዝጋት የማይታሰብ ነው። የሚቻለው ሁለቱ አገሮች በባቡር ጣቢያዎች፣ በመኪና ማቆሚያዎችና በደረቅ ወደቦች ያለውን የትንኝ እጭ በአንድ ዓይነት ዘዴ እየቆጠሩ ውጤቱን በየሳምንቱ መለዋወጥ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ጅቡቲ ከተማ የሆነው የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ድርጅት ኢጋድ መነሻው ድርቅን በጋራ መቋቋም ነበር፤ ይህንንም ሥራ ለማስተባበር ከእሱ የቀረበ ተቋም የለም። ድሬዳዋ ላይ ግን ማንንም ሳይጠብቅ አሁኑኑ የሚጀመር ነገር አለ፦ የውኃ መስመር ማስፋፋት የወባ መከላከል ሥራ ነው፤ የከተማው ምክር ቤትም በጀቱን በዚሁ ስም ሊያጸድቀው ይገባል።