ባለቤቷ የማትገባበት መጠጥ ቤት

ኒውዮርክ፣ ምሥራቅ 7ኛ መንገድ፣ ቁጥር 15 ላይ ማክሶርሊ የሚባል አሮጌ መጠጥ ቤት አለ። ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ይነሰነሳል፤ ግድግዳው በድሮ ፎቶና ቢጫ በሆነ ጋዜጣ ተሸፍኗል። ቢራው ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፦ ፈካ ያለውና ጠቆር ያለው። የኛን ጃምቦ ግን አትጠብቁ፤ አንድ ስታዙ በሁለት ትንንሽ ብርጭቆ ነው የሚመጣላችሁ።

እኔ ቤቱን የማውቀው በወረቀት ነው። ጆሴፍ ሚቼል በ1940 ለኒውዮርከር መጽሔት የጻፈውን ረጅም ጽሑፍ አነበብኩ፤ ከዚያ አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ አገኘሁና ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።)

መሥራቹ ጆን ማክሶርሊ የሚባል አየርላንዳዊ ስደተኛ ነው። ቤቱ በ1854 ተከፈተ ይላሉ፣ ሽማግሌውም ራሱ እንዲያ ብሎ ጽፏል። የከተማው የግብር መዝገብ ግን በ1860 እና በ1861 ቦታው ባዶ መሬት እንደነበር ያሳያል። ኮድ የሚጽፍ ሰው ይህ ነገር አይገርመውም፤ ኮሜንቱ አንድ ነገር ይላል፣ ሲስተሙ ሌላ ይሠራል። እኔ ሎጉን ነው የማምነው።

የጆን ዋና ሕግ ሴት አይገባም የሚል ነበር። የቤቱ መፈክር ራሱ ጥሩ ቢራ፣ ጥሬ ሽንኩርት፣ ሴት የለም የሚል ነው። ሚቼል እንደጻፈው የምትገባው አንዲት ኦቾሎኒ የምታዞር አሮጊት ብቻ ነበረች። ይሄ ለኛ ግራ ነው። እኛ ጋ ጠማቂዋ ሴት ናት፣ ቀጂዋ ሴት ናት፣ ጠላ ቤቱም የሚጠራው በእሷ ስም ነው። «እትዬ እገሊት ቤት እንገናኝ» እንላለን እንጂ የባልየውን ስም ማን ያነሳል?

ጆን በ1910 ሞተ። ልጁ ቢል ቤቱን እንደ አባቱ መቃብር ነው የጠበቀው። አንዲት ነገር ከቦታዋ አይነቃነቅም። ገንዘብ መቁጠሪያ ማሽን እንኳን አልነበረም፤ ሳንቲሙ በየዓይነቱ ሾርባ ሳህን ውስጥ ይጣላል። አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 አልኮል ስትከለክል እንኳ ቤቱ አልተዘጋም፤ ምድር ቤት ቢራ እየተጠመቀ፣ ላይ «አልኮል የለውም» እየተባለ ተሸጠ።

በ1936 ቢል ለደንበኛው ለዳንኤል ኦኮነል ሸጠው። ኦኮነል ፖሊስ ነበር። ቤቱን ሳይነካው እንደነበረ ይዞ ቆየና በ1939 ሲሞት ለልጁ አወረሰው። ወራሿ ሴት ናት፤ ዶሮቲ ትባላለች።

እዚህ ጋ ነው የተያዝኩት። ዶሮቲ ለአባቷ ቃል ሰጥታለች፤ የቤቱን ሕግ አትቀይርም። ስለዚህ ሥራውን ለባሏ ለሃሪ ከርዋን ሰጠችና እሷ ከበር መለስ ሆነች። የምትገባው እሁድ ማታ፣ ደንበኛው ወጥቶ በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ፈቃዱ የእሷ፣ ኪሳራውም ትርፉም የእሷ፤ ወንበሩ ግን የማንም መንገደኛ ወንድ። ይህ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቀጠለ። ብዙዎቹ ጸሐፊዎች እንደ ደስ የሚል ወግ ነው የሚያወሩት። እኔ እንደዚያ ማንበብ አልቻልኩም። ያ ሁሉ «ምንም አልተለወጠም» የሚባለው ውበት ሒሳቡ የተከፈለው በዋናነት በአንድ ሰው ነው።

በጥር 1969 ፌይዝ ሳይደንበርግና ካረን ደክሮው የተባሉ ሁለት ሴቶች ገብተው ቢራ አዘዙ። አንቀዳም ተባሉ፤ ከሰሱ። የቤቱ መከራከሪያ ቀላል ነበር፦ የግል ቤት ነው፣ ሕገ መንግሥቱ የሚያስገድደው መንግሥትን ነው። በሰኔ 1970 ዳኛ ዋልተር ማንስፊልድ ግን ከፈቃዱ ተነሱ። መጠጥ ለመሸጥ ፈቃድ የሚሰጠው መንግሥት ነው፣ የሚቆጣጠረውም እሱ ነው፤ እንግዲህ መንግሥት በዚህ ደረጃ እጁን ያስገባበት ቤት፣ ለሕዝብ ክፍት ነኝ እያለ ሴትን በሴትነቷ ብቻ ሊመልስ አይችልም አሉ። ፈቃዱ የማን ነበር? የዶሮቲ! ቤቱን የከፈተው የራሷ ወረቀት ነው።

በነሐሴ 10 ቀን 1970 ከንቲባ ጆን ሊንድሲ ከተማ አቀፍ ሕጉን ፈረሙ። የዶሮቲ ልጅ ዳኒ እናቱ የመጀመሪያዋ ሴት ደንበኛ እንድትሆን ጋበዛት። አይሆንም አለች፤ ለአባቴ ቃል ገብቻለሁ። የመጀመሪያዋ ተስተናጋጅ ጎረቤት ሱቅ ጫማ የምትሠራው ባርባራ ሾም ሆነች። ያን ቀን ሉሲ ኮሚሳር የተባለች ታጋይ ስትገባ ደግሞ አንዱ ጠጪ ቢራውን ደፋባት።

ሕጉ ተቀየረ እንጂ ቤቱ አልቸኮለም። የሴቶች መጸዳጃ ቤት የተሠራው በ1986 ነው። እስከዚያ ወንድም ሴትም አንዱን ይጋሩ ነበር። በ16 ዓመት ውስጥ አንድ በር መጨመር ያቃተው ቤት ሰነፍ ነው ወይስ አኩራፊ? እኔ አኩራፊ ነው እላለሁ።

የከርዋን ቤተሰብ በ1977 ለማቲ ማኸር ሸጠ። ማቲ የኪልኬኒ ልጅ ነው፤ ሃሪ አየርላንድ ሄዶ መኪናው መንገድ ላይ ስትበላሽበት ያገዘው እሱ ነበር፣ ውለታው የኒውዮርክ ሥራ ሆነለት። ቀጂ ሆኖ ገባ፣ ባለቤት ሆነ። በ2011 የጤና ተቆጣጣሪዎች ከባንኮኒው በላይ የተንጠለጠሉት አጥንቶች አቧራ ይጠረግ ሲሉ ሌላ ሰው እንዲነካቸው አልፈለገም፤ ራሱ ወጥቶ አራገፋቸው። ባላ የመሰሉ የደረት አጥንቶች ናቸው። ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት የዘመቱ ልጆች ሲመለሱ ሊያወርዷቸው ሰቅለዋቸው ቀሩ ይባላል።

ማቲ በጥር 2020 ሞተ። ቤቱን የያዘችው ልጁ ቴሬሳ ናት። ከ1994 ጀምሮ፣ ከባንኮኒው ኋላ ቆማ በመቅዳት የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ነበረች። ቢራው ዛሬም ወይ ፈካ ያለው ነው፣ ወይ ጠቆር ያለው።