ስለ ኮሶ ዛፍና ኮሶ ስለሚጠጣ ሰው አያያዝ

ከግምጃ ቤት እስከ እንጅባራ ደጋ ድረስ ባለው በአገው ምድር፥ ወደ አንድ የቆየ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር የሚገባ ሰው፥ ከጽዱና ከዝግባው መካከል ቅጠሉ እንደ ላባ የተሰነጣጠቀ፥ አበባውም እንደ ወይን ዘለላ ወደ ታች የተንዠረገገ ዛፍ ቢያይ፥ ኮሶ መሆኑን ለማወቅ ጠያቂ አያስፈልገውም። ይህ ዛፍ በዚያ ስፍራ የቆመው ለጥላና ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ሐኪም ቤት ባልነበረበት ዘመን የአጥቢያው ሰው ሁሉ መድኃኒት ቤት እርሱ ነበረ።

ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆን አንድ የሩቅ አገር ሰው አለ። የስኮትላንድ ተወላጅ የሆነው ጄምስ ብሩስ፥ የዓባይን ምንጭ ለማየት ብሎ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ፥ በ1763 ዓ.ም. በጥቅምት ወር አገው ምድር ደርሶ ጊሽ ዓባይን አየ። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ኮሶ በብዙ ጻፈ፤ ሥዕሉንም ጨመረ። ዛፉ የደጋ ተወላጅ እንደ ሆነ፥ በቆላ እንዳላየው፥ ለከተማውና ለመንደሩ ሰው ጥቅም እንዲሆን በየቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ከጽድ ዛፎች መካከል እንደሚተከል ገልጧል። ብሩስ በብዙ ነገር ራሱን ከፍ ከፍ የሚያደርግ ጸሐፊ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ስለ ኮሶ የጻፈው ግን በቅርብ ያየ ሰው ቃል ነው።

የመድኃኒቱን አወሳሰድ ሲናገር፥ አንድ ጭብጥ የደረቀ የኮሶ አበባ ከሁለት ሊትር ጥቂት በሚበልጥ የጤፍ ጠላ ተዘፍዝፎ እንደሚያድርና በማግሥቱ ጧት እንደሚጠጣ ይገልጣል። የጠጣውም ሰው ከጧት እስከ ማታ ከቤቱ አይወጣም፤ ለወዳጆቹም ሁሉ አይታይም። በሌላ ቤት አበባው በወፍጮ ተፈጭቶ በውሃ ይበጠበጥ ነበር። የኮሶ ዛፍ ወንድና ሴት ሆኖ ለየብቻ ይበቅላልና፥ ዐዋቂዎች ቀላ ያለውን የሴቴውን አበባ ይመርጣሉ፤ የወንዴው ትውከት ያበዛል ይላሉ። አበባው እየቆየ ሲሄድ ኀይሉ ስለሚደክምም፥ አሮጌውን ከአዲሱ መለየት የባለሙያ ነገር ነበረ።

በዚህ ሥርዐት ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው የመድኃኒቱ ምሬት ብቻ አይደለም። ሕመምተኛው ከመጠጣቱ በፊት የሚዘጋጅበት፥ ከጠጣም በኋላ የሚጠበቅበት ደንብ አለው። ማታ እህል ሳያበዛ ያድራል፤ ጧት በባዶ ሆዱ ይጠጣል። መድኃኒቱን ካስመለሰው ድካሙ ሁሉ ከንቱ ስለሚሆን ጸጥ ብሎ ይቀመጣል። የቤት ሰው፥ እናት ወይም ሚስት፥ ደጁን ትጠብቃለች፤ የመጣውንም እንግዳ በክብር ትመልሳለች። ሆድ ቁርጠቱና መዛሉ በርትቶ ጥቂት ሲቈይ ትሉ ይወጣል፤ ኮሶውም ሻረ ይባላል። ያን ጊዜ ለደከመው ሰውነት የሚስማማ ማሻሪያ ይቀርብለታል። በዚያ ቀን ሥራ የሚያዝዘው፥ ሙግት የሚጠራው፥ ዕዳ የሚጠይቀው ሰው ቢኖር እንደ ነውረኛ ይቈጠራል። «ኮሶ ጠጥቷል» የሚለው ቃል ለጌታም ለድኻም እኩል የሚሠራ ምክንያት ነበረ፤ ማንንም ሰው ለመቀበል ያልፈለገ ሰው ሳይጠጣ ጠጥቻለሁ ብሎ መደበቂያ ያደርገው ነበር። እንዲህም ሆኖ የልማዱ መልካምነት አይቀርም፤ ሕመምተኛ ለአንድ ቀን ከሰው ዓይን ተሸሽጎ በቤተ ሰቡ እጅ እንዲያርፍ የፈቀደ ሕግ ነበረና።

የበሽታው ምክንያት ጥሬ ሥጋ መሆኑ በማስረጃ የታወቀው ዘግይቶ ነው። ሌይካርት የተባለ የጀርመን ሊቅ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1861 የትሉን ዕንቍላል ለጥጃ አብልቶ፥ ጥጃው ሲታረድ በሥጋው ውስጥ የትሉን እጭ አገኘ። ከብት በሰው ዐይነ ምድር የረከሰውን ሣር ሲግጥ ዕንቍላሉን ይውጣል፤ ሰውም ያን ሥጋ ጥሬውን ሲበላ እጩ በአንጀቱ ተጣብቆ ብዙ ክንድ የሚሆን ርዝመት ያለው ትል ይሆናል። ስለዚህ ኮሶ የጠጣ ሰው ከወር በኋላ ተመልሶ ቍርጥ ከበላ፥ ተመልሶ ኮሶ መጠጣቱ አይቀርም።

የኤውሮፓ ሊቃውንት ለዛፉ ስም በማውጣት ብዙ ተሻምተዋል። ብሩስ በወዳጁ በባንክስ ስም ጠራው፤ ግሜሊን በ1791 በኬኒግስበርግ በነበረው በመድኃኒት ቀማሚው በሀገን ስም ሀጌኒያ አለው፤ ኋላም በቁስጥንጥንያ የነበረ ብራዬር የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ስለ መድኃኒቱ ስለ ጻፈ በእርሱም ስም የጠሩት ነበሩ። የጸናው የግሜሊን ስም ሆነ። አበባው በ19ኛው መቶ ዓመት በኤውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር።

ኮሶ ግን ያለ ጕዳት የሚሠራ መድኃኒት አይደለም። መጠኑ በዛ እንደ ሆነ ብርቱ ተቅማጥና ትውከት ያመጣል፤ ፅንስ ያስወርዳል ተብሎም ነፍሰ ጡር እንዳትጠጣው ይከለከል ነበር። ዓይን ያደከመበትና ያሳወረበት ጊዜ መኖሩንም በኢትዮጵያ የሠሩ የዓይን ሐኪሞች መስክረዋል። ሴት አያቶች በጭብጥ የሚሰፍሩት መድኃኒት ከዛፍ ዛፍ፥ ከዓመት ዓመት ኀይሉ ስለሚለያይ፥ ልኩን የሚያውቅ ሰው ቢኖርም እንኳ አደጋው አይጠፋም።

እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1950ዎቹ መጨረሻ ኒክሎሳማይድ የሚባል መድኃኒት በጀርመን አገር ከተገኘ በኋላ ነገሩ እጅግ ቀለለ። ዐዋቂ ሰው አራት እንክብል በደንብ አኝኮ በአንድ ጊዜ ይውጣል፤ ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ መዋልም የለበትም። አንድ ልዩነት ግን አለ፤ በዚህ መድኃኒት የሞተው ትል በአንጀት ውስጥ እየተበላሸ ስለሚወጣ ሕመምተኛው በዓይኑ አያየውም። ትሉን አይቶ መዳኑን ማረጋገጥ የለመደ ሰው በዚህ ቢጠራጠር አያስገርምም፤ መድኃኒቱን የሚሰጠውም ባለሙያ ይህን አስቀድሞ ቢነግረው መልካም ነው።

ስለ ምርመራውም ዝግጅት አለ። ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ሰው ዐይነ ምድሩን ንጹሕና ደረቅ በሆነ፥ ክዳን ባለው ዕቃ፥ ከሽንት ጋር ሳይቀላቅል ሳይቆይ ያመጣል። ነጭ ሆነው እንደ ሪባን ቍራጭ የሚወጡ አካላትን ካየ እነርሱንም ለመርማሪው ማሳየት ይገባዋል፤ ብዙ ሰው በኀፍረት ይህን ይሸሽጋል፤ የሚጐዳው ግን ራሱን ነው። የትሉ ራስ በአንጀት ቀርቶ እንደ ሆነ በሦስት ወር ያህል ጊዜ ውስጥ እንደ ገና ስለሚያድግ፥ ከዚያ በኋላ ሁለተኛ መመርመር ያስፈልጋል። የጥንት ሰዎችም ኮሶ በጠጡ ቀን የትሉ ራስ ወጥቶ እንደ ሆነ አጥብቀው ይፈልጉ የነበሩት ስለዚህ ነው።

ዛፉ ራሱ ግን ከመድኃኒትነቱ ይልቅ በእንጨቱ እየተፈለገ አለቀ። መንግሥት በ1986 ዓ.ም. ባወጣው የደን አዋጅ ኮሶን ከጽድ፥ ከዝግባና ከዋንዛ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቈረጡ ከተከለከሉት ዛፎች ቈጠረው። በአገው ምድር፥ ይልቁንም በፋግታ ለኮማ፥ ለከሰል የሚተከለው ከባሕር ማዶ የመጣው ዲከረንስ ብዙ ኰረብታ ሸፍኖ ነበር፤ ለገበሬው ገንዘብ ስላስገባለት የሚነቀፍ አይደለም። ኮሶ ግን እስኪያድግ ብዙ ዓመት ስለሚፈልግና ትርፉ ስለማይታይ በእርሻ ዳር የሚተክለው ሰው ጥቂት ነው። ሽማግሌ ሆኖ የቆመው ኮሶ ዛሬ በብዛት የሚገኘው፥ ብሩስ ከ250 ዓመት በፊት እንዳለው፥ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ከጽዱ መካከል ነው።