ሆሚዮፓቲ እና የአእምሮ ጤና፦ ታካሚና ቤተሰብ ሊያውቁት የሚገባ

ሆሚዮፓቲ ምንድን ነው?

ሆሚዮፓቲ ጀርመናዊው ሐኪም ሳሙኤል ሃነማን በ1796 እ.ኤ.አ. የጀመረው የሕክምና ዘዴ ነው። መነሻው፣ በጤነኛ ሰው ላይ ምልክት የሚያመጣ ነገር እጅግ ሲቀጥን ያንኑ ምልክት ያለበትን ሕመምተኛ ይፈውሳል የሚል ሐሳብ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በትንንሽ የስኳር እንክብል ነው። ብልቃጡ ላይ «30 ሲ» የሚል ምልክት ካለ፣ ንጥረ ነገሩ በየጊዜው 100 እጥፍ እየቀጠነ ይህ 30 ጊዜ ተደግሟል ማለት ነው። በዚህ ደረጃ ከመጀመሪያው ንጥረ ነገር ምንም አይቀርም ማለት ይቻላል።

ከባህል መድኃኒት በምን ይለያል?

እንደ ጤና አዳም ያሉ ዕፅዋት በሰውነት ውስጥ የሚሠራ ንጥረ ነገር ስላላቸው ከሐኪም መድኃኒት ጋር ሊጋጩ ይችላሉ። በጣም የቀጠነ የሆሚዮፓቲ እንክብል ይህ ባሕርይ የለውም። በጥቂቱ ብቻ የቀጠኑት ግን ሊኖራቸው ይችላል።

ወደ እኛ አካባቢ እንዴት ይመጣል?

በሆሳዕና፣ በዱራሜም ሆነ በሺንሺቾ ሆሚዮፓቲ የተለመደ ሕክምና አይደለም። ይሁን እንጂ ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች በሄዱባት ደቡብ አፍሪካ በሕግ የተመዘገበ ሙያ ነው። ስለዚህ ዘመድ «ለጭንቀት ጥሩ ነው» ብሎ ሊልክልዎ ይችላል።

ይሠራል?

የአውስትራሊያ ብሔራዊ የጤናና የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ2015 እ.ኤ.አ. ጥናቶቹን መርምሮ ለየትኛውም ሕመም እንደሚሠራ አስተማማኝ ማስረጃ አላገኘም። የተሻላቸው ሰዎች ግን አሉ። ድብርትና ጭንቀት በራሳቸው ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ ተረጋግቶ የሚያዳምጥ ሰው ማግኘትም ያቀልላል።

ጉዳቱ የት ላይ ነው?

ትልቁ ጉዳት የሚመጣው የሐኪሙ መድኃኒት ሲቋረጥ ነው። እንደ ሃሎፔሪዶል ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ እንቅልፍ ማለቱና የሰውነት መገተሩ ይቀንሳል። ቤተሰብም «አዲሱ ነገር ፈወሰው» ይላል። ሕመሙ የሚያገረሸው ግን ብዙ ጊዜ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ስለሆነ ከመቋረጡ ጋር የሚያያይዘው አይኖርም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ፌኖባርቢታልን በድንገት ካቆመ ደግሞ ለሕይወት የሚያሰጋ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ሊገጥመው ይችላል።

ይህ ለዕፅዋትም ለጸሎትም ይሠራል። ጸሎትና መድኃኒት አይጋጩም፤ ጸሎት ቤት የሚሰነብት ሕመምተኛ መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ። ሊቲየም የሚወስድ ሰው ያለ ውኃ ከጾመ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ሊበዛበት ስለሚችል አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

ምን ያድርጉ?

• የሚወስዱትን ሁሉ፣ ከነብልቃጡ፣ ለሐኪምዎ ያሳዩ። ሐኪሙ እንዳይቆጣ ብለው አይደብቁ።
• የድብርት መድኃኒት ለውጥ የሚያሳየው ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው። ከተሻለዎ በኋላም ቢያንስ 6 ወር መቀጠል ያስፈልጋል።
• መድኃኒቱ ካስቸገረዎ ይናገሩ፤ መጠኑ ወይም ዓይነቱ ሊለወጥ ይችላል።

በፍጥነት ወደ ሕክምና የሚወስዱ ምልክቶች

ራስን ስለ ማጥፋት መናገር፣ ለቀናት አለመተኛት ወይም ምግብና ውኃ እምቢ ማለት፣ በወለደች እናት ላይ ድንገት የሚታይ የባሕርይ ለውጥ፣ እንዲሁም የማያቆም መንቀጥቀጥ ጊዜ አይሰጡም። በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ። ሆሳዕና ላሉ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ። ሕመምተኛውን ብቻውን አይተዉት።