ፊደላችን በኮምፒዩተር ላይ ለምን ሣጥን ይሆናል?

ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች

ከአገር ቤት ከቀረ ዘመድ፣ ከልጆች ትምህርት ቤት ወይም ከአንድ መሥሪያ ቤት በአማርኛ የተጻፈ ደብዳቤ በኮምፒዩተር ይላክላችኋል። ስትከፍቱት አማርኛው የለም። በቦታው ተደርድረው የሚታዩት ባዶ ሣጥኖች ናቸው፤ ወይም እንግሊዝኛና ዕብራይስጥ የተደባለቀበት የማይነበብ ነገር ነው፤ አለዚያም የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። በማኅበር ሥራ ላይ ሆኜ ደጋግሜ እንዳየሁት፣ በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው “ተበላሽቷል” ይልና ይሰርዘዋል። አንዳንዱ ደግሞ ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል፤ “እኔ ኮምፒዩተር አላውቅም” ብሎ ይተወዋል።

ከእነዚህ ከሦስቱ መካከል የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብልሽት አይደሉም። ጽሑፉ ሙሉ ሆኖ እዚያው አለ። ይህን ለመረዳት ግን ፊደላችን ወደ ኮምፒዩተር የገባበትን መንገድ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮምፒዩተር የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ይሰጠዋል፤ ማሽኑ ቁጥሩን ያስቀምጣል፣ ቁጥሩን ይልካል። በማያ ገጹ ላይ የምናየውን ቅርጽ የሚሰጠው ፎንት ይባላል፤ በዕብራይስጥ ጎፋን የሚሉት ነው። ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ሰውየው፣ ፎንቱን እንደ ልብሱ አድርጋችሁ ያዙት። በ1963 በአሜሪካ አስኪ የተባለ የቁጥር ሠንጠረዥ ወጣ። ቦታው 128 ብቻ ነበር፤ የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ አኃዞችና ነጥቦች ሞሉት። በኋላ ሠንጠረዡ ወደ 256 ሲሰፋ ቀሪዎቹን 128 ቦታዎች እያንዳንዱ አገር ለራሱ ቋንቋ ይዞ ተቀመጠባቸው።

ዕብራይስጥ 22 ፊደላትና በቃል መጨረሻ የሚመጡ 5 ቅርጾች አሉት፤ በድምሩ 27። በቀላሉ ይገባል። ሆኖም እሱም ከመከራ አልዳነም። በመጀመሪያው ዘመን የዕብራይስጥ ፊደላት በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ቁጥር ላይ ተቀምጠው ነበር። ዕብራይስጥ በማያውቅ ማሽን ላይ የተከፈተ ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ተሞልቶ ይታይ ነበር። ቀጥሎ በዶስ ጊዜ አሌፍ አንድ ቁጥር ተሰጣት፤ ዊንዶውስ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ቁጥር። በዶስ የተጻፈ የዕብራይስጥ ጽሑፍ በዊንዶውስ ሲከፈት አይነበብም ነበር። በ1990ዎቹ ደግሞ ብዙ የዕብራይስጥ ጽሑፍ ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ ለሚያነቡ ፕሮግራሞች እንዲመች ተገልብጦ ይቀመጥ ስለነበር፣ ቀኙንና ግራውን የሚያውቅ ፕሮግራም ሲከፍተው ቃሉ ከጭራው ይጀምር ነበር። ይህን የምነግራችሁ በምክንያት ነው። እዚሁ ተወልደው፣ በዕብራይስጥ አፋቸውን ፈትተው ያደጉ ሰዎችም በራሳቸው ቋንቋ ይህ ሁሉ ደርሶባቸዋል። እንግዲህ አማርኛ የተበላሸበት አዲስ ገቢ በራሱ የሚያፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

የእኛ ፊደል ነገር ከዚያ ይከብዳል። 33ቱ ፊደላት በ7 ድምፅ ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ በዚያ ላይ ሏ፣ ቋ፣ ኋን የመሳሰሉት፣ የግዕዝ ቁጥሮችና ነጥቦቹ አሉ። ባዶ የቀረው ቦታ ግን 128 ብቻ ነው። በጽሕፈት መኪና ዘመንም ችግሩ ይኸው ነበር፤ ለዚህ ሁሉ ፊደል የሚበቃ ቁልፍ የት ይገኛል? በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሥራ ስማቸው የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። በእነዚያ መኪናዎች መጀመሪያ የፊደሉ አካል ይመታል፣ ከዚያ የካዕቡ ወይም የሣልሱ ምልክት ይቀጠልበታል። የድሮ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያነበበ ሰው እግሩ ከአካሉ ትንሽ ራቅ ብሎ የቆመውን ፊደል ያስታውሰዋል።

በ1980ዎቹ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ፊደሉን ወደ ኮምፒዩተር አስገቡት። ከእነርሱ መካከል ኢንጂነር ፍሥሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ በስም ይጠቀሳሉ። ቀዳሚው ማን ነው የሚለውን ክርክር ለሌሎች እተወዋለሁ። ከእነርሱ በኋላ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ዋሸራና ሌሎችም ብዙ ፕሮግራሞች መጡ። ሁሉም ያለባቸውን የቦታ ጥበት በየራሳቸው ዘዴ ተወጡት። አንዱ ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት ከፋፈለው፤ ሌላው እንደ ጽሕፈት መኪናው ከቁርጥራጭ ገጣጠመው። አብዛኞቹም የእንግሊዝኛውን ቁጥር ወስደው የአማርኛ ልብስ አለበሱት። ለኮምፒዩተሩ ያ ጽሑፍ ዛሬም እንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛ የሚመስለው ፎንቱ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ከዚህም የባሰው ሠሪዎቹ በቁጥሩ አለመስማማታቸው ነው። በአንዱ ፕሮግራም “ለ” የሆነው ቁጥር በሌላው “መ” ወይም “ቸ” ሊሆን ይችላል።

ይህ ለእኛ የቴክኒክ ወሬ ብቻ አይደለም። ከ1984 እስከ 1985 በሱዳን በኩል የመጡ ወገኖች ነበሩ፤ ከዚያም በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰለሞን በ36 ሰዓት ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ወደ እስራኤል ገባ። የእነዚያ ዓመታት አማርኛ በኮምፒዩተር ከተጻፈ በእነዚህ ፕሮግራሞች እንጂ በሌላ ሊጻፍ አይችልም ነበር። የማኅበር ደብዳቤ፣ የሠርግ ጥሪ፣ በሱዳን መንገድ የሞቱ ዘመዶች ስም ዝርዝር፣ ከቄሶች አፍ የተጻፈ ጸሎት። ፎንቱ ጠፍቶ ጽሑፉ ብቻ የቀረባቸው ቤቶች አሉ። ልጆች ከፍተው “ይህ ቆሻሻ ነው” ብለው የሚጥሉት ምናልባት የአያታቸው ቃል ነው።

በዚያው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድ ይወቅ ሴራ የተባለ ደንብ አወጡ። አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ነገር ግን በተወሰነ ሕግ መጻፍ ነበር፤ “ሠ” እና “ሰ” እንኳ እንዳይቀላቀሉ ተደርጎ። ለማንበብ አይን ያደክም ነበር፤ ሆኖም ከየትኛውም ማሽን ወደ የትኛውም ማሽን ሳይበላሽ ይደርስ ነበር።

ዋናው መፍትሔ ዩኒኮድ ነው። በ1991 የተቋቋመው የዩኒኮድ ማኅበር ለዓለም ፊደላት ሁሉ ለእያንዳንዳቸው የራሳቸው የሆነ፣ ከሌላ የማይጋጭ ቁጥር ለመስጠት ተነሣ። ዕብራይስጥ ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ ነበረበት። የእኛ ፊደል የገባው በመስከረም 1999 በ3ኛው እትም ሲሆን፣ 345 ምልክቶች ቁጥር ተሰጣቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ “ሀ” 4608 ናት፤ በአዲስ አበባም፣ በነታንያም፣ በዋሽንግተንም። “ለ” 4616 ነው። ማንም ፕሮግራም ሠሪ ይህን በራሱ ፈቃድ መቀየር አይችልም።

ቁጥር ተገኘ ማለት ግን ልብስ ተገኘ ማለት አልነበረም። በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ እንኳ የአማርኛ ፎንት አብሮት አልመጣም። ዊንዶውስ ቪስታ በጥር 2007 ለገበያ ሲቀርብ ነው ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ ይዞ የመጣው። (ኒያላ የደጋ አጋዘን የፈረንጅ ስም ነው፤ ሸጋ ስም መርጠዋል።) በመካከል ያሉት ሰባት ዓመት ከምናምን ሰው ሁሉ ፎንቱን ራሱ ፈልጎ የሚጭንበት ጊዜ ነበር። በማኪንቶሽ ከፋ የሚባል ፎንት አለ፤ ለሊኑክስም ለሌሎቹም አቢሲኒካ በነፃ ይገኛል።

አሁን ወደ ጀመርንባቸው ምልክቶች እንመለስ።

ባዶ ሣጥን ካያችሁ ቁጥሩ ትክክል ነው፤ የጎደለው ልብሱ ነው። ጽሑፉ በዩኒኮድ የተጻፈ ነው፤ ማሽኑ ወይም ፕሮግራሙ ግን የአማርኛ ፎንት የለውም። ጽሑፉን ሁሉ ምረጡና ፎንቱን ኒያላ ወይም አቢሲኒካ አድርጉት። ከሌለ አቢሲኒካን አውርዳችሁ፣ በፋይሉ ላይ በቀኝ የማውስ ቁልፍ ተጭናችሁ በዕብራይስጡ ዊንዶውስ “ሃትኬን” የሚለውን ምረጡ። በዊንዶውስ 10 ኒያላ ከዋናው ጋር አይመጣም፤ ለብቻው ነው የሚጨመረው። ስለዚህ በኒያላ የተዘጋጀ ጥሪ ወረቀት እዚያ ሲከፈት ኤብሪማ በሚባል ሌላ ፎንት ይታይና መስመሮቹ ይዛነፋሉ። ለማተሚያ ቤት የምትልኩ ከሆነ በፒ.ዲ.ኤፍ. ላኩ፤ በትክክል ከተዘጋጀ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ይሄዳል።

እንግሊዝኛ፣ ዕብራይስጥና እንግዳ ምልክት የተደባለቀበት ከሆነ ሁለት ዓይነት ነው፤ ልዩነቱን የምታውቁበት ዘዴ አለ። በዕብራይስጥ ኮምፒዩተር ላይ ቤት የምትባለዋ ፊደል ያለማቋረጥ እየተመላለሰች፣ በየመካከሏም ጥቃቅን ምልክት እየገባ ከታያችሁ፣ ጽሑፉ ደህና ዩኒኮድ ነው፤ ማሽኑ በተሳሳተ ሠንጠረዥ እያነበበው ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው። በ1992 ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ ባወጡት ዩ.ቲ.ኤፍ. 8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ቁጥር ይይዛል። የሁሉም የመጀመሪያ ቁጥር አንድ ዓይነት ሲሆን፣ በዕብራይስጡ የዊንዶውስ ሠንጠረዥ ያ ቁጥር የቤት ቦታ ነው። የስም ዝርዝር በኤክሴል ሲከፈት ይህ ብዙ ጊዜ ይደርሳል። በቀጥታ ከመክፈት ይልቅ ከውስጥ “ከጽሑፍ ፋይል አስገባ” በሚለው መንገድ ሂዱና ዩ.ቲ.ኤፍ. 8ን ምረጡ፤ ቁጥሩ 65001 ነው።

ቤት እንደዚያ ካልተመላለሰችና ድብልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል የሚበዛበት ከሆነ፣ ያ የቀደመው ዘመን ጽሑፍ ነው። የላከውን ሰው በየትኛው ፕሮግራም እንደጻፈው ጠይቁ። ፎንቱን ስትጭኑና ጽሑፉን መርጣችሁ ስታለብሱት አማርኛው ከፊታችሁ ይወጣል። ቀጥሎ ወደ ዩኒኮድ በሚለውጥ ፕሮግራም ቀይሩት፤ ግን በዓይናችሁ ሳታነቡ አትመኑት። ብዙ ጊዜ የሚስቱት እንደ ቋና ጓ ያሉት፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ናቸው። የመጀመሪያውን ፋይል አትሰርዙ።

ተራ የጥያቄ ምልክት በፊደሉ ቁጥር ልክ ተደርድሮ ከመጣ ግን እውነተኛው ጥፋት ያ ነው። በመንገዱ ላይ አማርኛ የማያውቅ ፕሮግራም ቁጥሮቹን አውጥቶ ጥሎ በቦታቸው የጥያቄ ምልክት ተክሏል። ፎንት መቀያየር ምንም አይረዳም። ላኪው ዋናውን እንደገና እንዲልክ ንገሩት።

አማርኛና ዕብራይስጥ በአንድ መስመር ሲጻፉ ደግሞ ቅንፍና ነጥብ ወደማይሆን ቦታ ይዘላሉ፤ ፕሮግራሙ አቅጣጫውን የሚወስነው በአንቀጹ ነውና። ጠቋሚውን በአንቀጹ ውስጥ አድርጋችሁ፣ በግራ በኩል ያሉትን ኮንትሮልና ሺፍት አብራችሁ ብትጫኑ ከግራ ወደ ቀኝ፣ የቀኞቹን ብትጫኑ ከቀኝ ወደ ግራ ይሆናል። ቅጽ ስትሞሉ ለስልክ ቁጥር ተጠንቀቁ። በዕብራይስጥ መስመር ውስጥ ቁጥሩን በክፍት ቦታ ከፋፍላችሁ ከጻፋችሁ ክፍሎቹ ቦታ ይለዋወጡና የሌላ ሰው ስልክ ይሆናል። አያይዛችሁ ጻፉት፤ ወይም በጭረት ለዩት።

በመጨረሻ፣ ዲስኬት በፖስታ ጠቅልለው በመሳቢያ ያስቀመጡ ሽማግሌዎችና ቄሶች በየቤቱ አሉ። የዛሬ ኮምፒዩተር የዲስኬት ማስገቢያ የለውም፤ በዩ.ኤስ.ቢ. ገመድ የሚሰካ ማንበቢያ ግን ይገኛል። ዲስኬት በጊዜ ብዛት እየደከመ የሚሄድ ነገር ስለሆነ፣ ከመክፈታችሁ በፊት በውስጡ ያለውን ሁሉ ቅዱ፤ ምንነቱን የማታውቁትንም ጭምር። ስማቸው በቲ.ቲ.ኤፍ. የሚያልቅ ፋይሎች ካሉ እነርሱ ፎንቶቹ ናቸውና ከጽሑፉ አትለዩአቸው። የዚያው ጽሑፍ በወረቀት የታተመ ቅጂ ከተገኘ ደግሞ አትጣሉት። ፎንቱ ፈጽሞ ቢጠፋ እንኳ ወረቀቱንና ማያ ገጹን ጎን ለጎን አድርጎ የትኛው ምልክት የትኛው ፊደል እንደነበረ አንድ በአንድ ማውጣት ይቻላል።